ሁዳድ ወይስ ደቦ?
(ስለ ሮቦት አስተማሪነትና ስለ ሌሎች የግቢ ተግባሮቻችን)

ሰሞኑን በየዶርሙ፣ በየላውንጁና በካፌው ሰልፍ ላይ አንድ ክርክር ይሰማል። ነገሩ "ቅዳሜን ማን ይውሰዳት?" ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት ከግቢ ወጥተን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሮቦት መሥራት የምናስተምር አለን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሥነ ጽሑፍ ክበቡ ንባብ፣ የቴአትሩ ልምምድና የክርክሩ መድረክ አለ። ሁለቱ እየተገፋፉ መጥተዋል። የሮቦት ውድድር ወር ሲደርስ ጠዋቱ ከሰዓቱን ይውጠዋል። የኪነ ጥበብ ምሽት ሲቃረብ ደግሞ ከሰዓቱ ጠዋቱን ይውጠዋል። በመካከሉ ሰው ይጠፋል፤ ያውም ከሁለቱም።

በዚህ ጉዳይ ሦስት ወገን ተነሥቷል። አንደኛው ወገን "ግጥሙን ተዉት፤ አገር የሚያድገው በቴክኖሎጂ ነው፤ ጊዜያችሁን ሁሉ ለሮቦቱ ስጡ" ይላል። ሁለተኛው ወገን "የሮቦት ነገር የባለጸጋ ልጆች መጫወቻ ነው፤ ለእናንተ ምናችሁ ነው? ወደ ብዕራችሁ ተመለሱ" ይላል። ሦስተኛው ወገን ምንም አይልም። ዝም ብሎ በሁሉም ይመዘገባል። ሮቦቱ ላይ አለ፤ ቴአትሩ ላይ አለ፤ ቀይ መስቀል ክበቡ ላይ አለ፤ የክርክር ክበቡ ጸሐፊ ነው። ስሙ በሁሉም መዝገብ ላይ ይገኛል። እሱ ራሱ ግን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

እኛ ሦስቱንም እንቃወማለን። ምክንያታችንንም ከዚህ በታች እንዘረዝራለን።

ከመጀመሪያው ወገን እንጀምር። ለዚህ ወገን አንድ ጥያቄ አለን፦ ለመሆኑ "ሮቦት" የሚለው ቃል ከየት መጣ? ከፋብሪካ ነው? ከቤተ ሙከራ? አይደለም፤ ከቴአትር ቤት ነው። ቼካዊው ጸሐፌ ተውኔት ካሬል ቻፔክ እ.ኤ.አ. በ1920 ያሳተመውና በ1921 በፕራግ ብሔራዊ ቴአትር የታየው ተውኔት ነው ቃሉን ለዓለም የሰጠው። ቃሉን የጠቆመው ደግሞ ሠዓሊው ወንድሙ ዮሴፍ ቻፔክ ነው። እንግዲህ አንድ ደራሲና አንድ ሠዓሊ ባይኖሩ ኖሮ፣ መሐንዲሶቻችን ዛሬ የሚመኩበትን ነገር ምን ብለው ይጠሩት ነበር?

ይህ ብቻ አይደለም። በየትምህርት ቤቱ ልጆች ሮቦት የሚሠሩበትን አርዱይኖ የተባለውን ትንሽ ሰሌዳ እንውሰድ። ሰሌዳው የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያን አገር፣ ኢቭሪያ በምትባል ከተማ፣ በአንድ የዲዛይን ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። የተሠራውም የኤሌክትሮኒክስ ዕውቀት ለሌላቸው የዲዛይን ተማሪዎች እንዲቀልላቸው ተብሎ ነው። ስሙን ያገኘው ሠሪዎቹ ይሰበሰቡበት ከነበረ ቡና ቤት ነው። ሥዕልና ዲዛይን የሚማር ተማሪ መብራት ማብራትና ሞተር ማዞር አማረው፤ መምህራኑም አልከለከሉትም፤ መንገዱን አቀለሉለት። ዛሬ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ በዚያው መንገድ ይሄዳል። "ኪነ ጥበብና ምሕንድስና ጠላት ናቸው" የሚል ሰው፣ እጁ ላይ የያዘውን ዕቃ ታሪክ አያውቅም ማለት ነው።

ወደ ቃሉ እንመለስ፤ ትርጉሙ ለክርክራችን ያስፈልገናልና። "ሮቦታ" በቼክ ቋንቋ ገባር ለጌታው ያለ ደመወዝ የሚሠራው የግዴታ ሥራ ነው። እኛም ለዚህ ነገር የራሳችን ቃል አለን፦ ሁዳድ። ሁዳድ የጌታ እርሻ ነው። ገባሩ የራሱን ማሳ ትቶ ይወጣል፤ ያርሳል፣ ያርማል፣ ያጭዳል። ምርቱ ግን ወደ ሌላ ሰው ጎተራ ይገባል። የገባሩ ማሳ በዚያ ሰሞን አረም ይውጠዋል። አንባቢ ይህን ቃል በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን። "የባለጸጋ ልጆች መጫወቻ ነው" ለሚለው፣ በከፊል እውነት አለው እንላለን። የሮቦት ዕቃ የተሟላላቸው ትምህርት ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ክፍያቸው ከፍ ያለ የግል ትምህርት ቤቶች ናቸው። ታዲያ ከዚህ ሐቅ የሚወጣው መደምደሚያ ምንድን ነው? እንተወው ነው? ወይስ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቱ እንሂድ ነው? በበርካታ ዩኒቨርስቲዎቻችን የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምሕንድስናና የሒሳብ ማዕከላት ተከፍተው የአካባቢውን ተማሪዎች ይቀበላሉ። ማዕከሉ ክፍል አለው፤ ጠረጴዛ አለው፤ ዕቃም እንደ ነገሩ አለው። የሚጎድለው ከልጁ ጎን ቁጭ ብሎ "እስቲ አንተ ሞክረው" የሚል ሰው ነው። ያ ሰው እኛ ነን። ነገሩን የባለጸጋ መጫወቻ የሚያደርገው ወደ ድኻው ልጅ ለመሄድ ያለን ስንፍና ነው፤ እንጂማ ሽቦና ሞተር ባለጸጋ ከድኻ አይለዩም።

ደግሞስ ተማሪ ተማሪን ሲያስተምር ዛሬ የመጣ ነገር ነው እንዴ? በዜማ ቤት ቀድሞ የገባው ተማሪ በኋላ የመጣውን ያስቀጽላል፤ እሱም በተራው ከመምህሩ ይቀጸላል። በዚህ ዓይነት አንድ መምህር ብዙ ደቀ መዛሙርት ያፈራል። በዘመናዊውም ትምህርት ቢሆን፣ በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርስቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው፣ አብዛኞቹ በትምህርት ቤት ያገለግሉ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ መጣ፤ በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተከተለ። የእያንዳንዳቸውን ክፉና ደግ ታሪክ ይመዝነው፤ እኛ ለዛሬው ክርክራችን የምንወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያኔ ለማስተማር ጊዜ ተቆርሶለት ነበር። አገልግሎቱ በትምህርቱ ላይ የተደረተ ሳይሆን ራሱን የቻለ ዓመት ነበረው። ዛሬ የሚቆረስለት እንቅልፋችን ነው።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ ያለው። "የጊዜ አጠቃቀም አታውቁም" እየተባልን የምንገሠጽበት ጉዳይ የአንድ ሰው ጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እስቲ ሒሳቡን በግልጽ እንሥራው።

ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ሰው ለመሆን በቀን 8 ሰዓት እንተኛ፤ 56 ሄደ። ቀረ 112። የሙሉ ጊዜ ተማሪ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥበትን፣ ላብራቶሪውን፣ ንባቡንና አሳይመንቱን ደምረን 50 ሰዓት እንበል። ቸካዮቹ ይስቁብን ይሆናል፤ ምንም አይደለም። ቀረ 62። ለመብላት፣ ለመታጠብ፣ ልብስ ለማጠብ፣ ለሰልፍ፣ ለጸሎትና ለቤተ ዘመድ በቀን 4 ሰዓት ብንይዝ 28 ነው። ቀረ 34። ከዚህ ውስጥ የሮቦቱ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ማስተማር፣ ሁለት ሰዓት መንገድ፣ አንድ ሰዓት ዝግጅት ነው፤ በጠቅላላ 6። የሥነ ጽሑፍ ክበቡ ወይም የቴአትሩ ልምምድ ሌላ 6። ገና 22 ሰዓት ተረፈን! ኳስ የሚያይ ይይ፤ ፍቅር የያዘው ይንሸራሸር።

እንግዲህ ጊዜ አለ። ታዲያ ለምን አልበቃ አለን? መልሱ ስድስቱ ሰዓት ስድስት ሆኖ ስለማይቀር ነው። በውድድር ሰሞን ስድስቱ ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ ሁለቱ ሃያ አራት ይሆናል። ለምን እንደሚያብጥ ደግሞ መመርመር አለብን፤ ምክንያቱ የሚያኮራ አይደለምና።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ከሁሉም ቀላሉን። ጥቁር መስመር ተከትሎ የሚሄድ ሮቦት ነው። ነጭ ካርቶን ላይ ጥቁር ናስትሮ ይለጠፋል። ከሮቦቱ ፊት ለፊት ሥር ሁለት ሴንሰሮች ይታሠራሉ፤ አንዱ ከመስመሩ ግራ፣ አንዱ ከመስመሩ ቀኝ። ነጩ ብርሃን ይመልሳል፤ ጥቁሩ ይውጣል። የግራው ሴንሰር ጥቁር ካየ ሮቦቱ ወደ ቀኝ ሸሽቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ የግራውን ሞተር አዘግይቶ ወደ ግራ መመለስ ነው። በቃ። ነገር ግን ልጁ የግራና የቀኝ ሞተሩን ሽቦ አለዋውጦ ይሰካና ሮቦቱ መስመሩን ባየ ቁጥር ከመስመሩ ይሸሻል። ልጁ ኮዱን ያነባል፤ ኮዱ ልክ ነው። ባትሪውን ይቀይራል፤ ያው ነው። ሴንሰሩን በእጁ ይጋርዳል፤ ይሠራል። ግራ ገባው።

መካሪው፣ ማለት በአፋችን ሜንተር የምንለው ሰው፣ ስሕተቱን በአንድ ዕይታ አውቆታል። አሁን ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው መንገድ ካቻቢቴውን ከልጁ እጅ ተቀብሎ ሁለቱን ሽቦ መለዋወጥ ነው፤ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። ሁለተኛው መንገድ "እስቲ የግራውን ሞተር ብቻ አዙረው" ብሎ ዝም ማለት ነው። ይህ አርባ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። በነዚያ አርባ ደቂቃዎች ውስጥ ልጁ ችግርን ከፋፍሎ መፈለግ ይማራል፤ ትምህርቱ ማለት እነሱ ናቸው። የቀረው ብረት ነው።

በውድድር ሰሞን ግን አርባው ደቂቃ ይጠፋል። "ልጆቹ አይደርሱም" ይባልና መካሪው ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ይበይዳል፤ ኮዱን እሱ ይጽፋል፤ ጎማውን እሱ ያጠብቃል። ልጆቹ ካርቶን ይዘው ያዩታል። በማግሥቱ ሮቦቱ ያሸንፋል፤ ዋንጫው ይነሣል፤ ፎቶው ይለጠፋል። የማን ዋንጫ ነው? የትምህርት ቤቱ። የማን ሥራ ነው? የመካሪው። ልጁስ ምን አገኘ? ፎቶ። መካሪውስ ምን አጣ? የሰኞ ፈተናውንና የቅዳሜ ከሰዓት ጓደኞቹን። ይህን ነው ሁዳድ የምንለው። የራሱን ማሳ ለአረም ትቶ ለሌላ ጎተራ ያጨደ ገባር ከዚህ በምን ይለያል?

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይምሰላችሁ። የትምህርት ቤት ሮቦት ውድድር ትልቁ ቤት አሜሪካ ነው። ዲን ኬመን የተባለው ፈልሳፊ ፈርስት የተሰኘውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 አቋቋመ። የመጀመሪያው ውድድር በ1992 በኒው ሃምፕሸር፣ በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ በ28 ቡድኖች ተካሄደ። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ይኸው እንቅስቃሴ የአገሮች ውድድር ወልዷል፤ በዚያው ዓመት በዋሺንግተን ከ150 የሚበልጡ አገሮች ልጆቻቸውን ልከዋል። በዚያ ቤት ለብዙ ዓመታት ደንቡ ጥብቅ ነበር፦ የጨዋታው ሕግ በጥር መጀመሪያ ይገለጣል፤ ቡድኑ ስድስት ሳምንት ተኩል ያህል አለው፤ ከዚያ ሮቦቱ በከረጢት ይታሸጋል። በነዚያ ሳምንታት የኮሌጅ ተማሪ የሆነው መካሪ ትምህርቱን፣ እንቅልፉንና ሌላውን ክበቡን ምን እንደሚያደርግ መገመት አያስቸግርም። ከ2020 ውድድር ጀምሮ የማሸጉ ደንብ ቀረ። ይህ ግን ሌላ ጥያቄ አመጣ፦ ማቆሚያ የሌለው ሥራ ማን ያቆመዋል? መልሱ ያው ነው፤ ሰው ራሱ ካልወሰነው በቀር ማንም።

እዚያም ቢሆን "ሮቦቱን ማን ሠራው፣ ልጆቹ ወይስ መካሪዎቹ?" የሚለው ክርክር የቆየ ነው። ነገር ግን አንድ የሚያስቀና ነገር አላቸው። ከሽልማቶቻቸው ሁሉ ከፍተኛው ለበረታው ሮቦት አይሰጥም፤ በአካባቢው ሰው ላይ ለውጥ ላመጣ ቡድን ነው የሚሰጠው። ለመካሪዎችም ከ1996 ጀምሮ በፕሮፌሰር ዉዲ ፍላወርስ ስም የተሰየመ ሽልማት አላቸው፤ ዕጩውን የሚያቀርቡት ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው። ልብ በሉ! መካሪው የሚመዘነው ባስነሣው ዋንጫ አይደለም፤ በልጁ ምስክርነት ነው። በእኛ ቤት እንዲህ ቢሆን ስንቱ "ጀግና" መካሪ ምስክር ያገኝ ነበር?

"ዋንጫ በር ይከፍታል፤ ድጋፍ ያመጣል፤ ልጆቹንም ያበረታታል" የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። እኛም ዋንጫ አንጠላም። ነገር ግን ልጁ ያልሠራው ሮቦት በሚቀጥለው ዓመት ሲበላሽ ልጁ አይጠግነውም። ዋንጫው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ሮቦቱ ከጎኑ አቧራ ይጠጣል። ተሸንፎ የተማረ ቡድን ግን በሚቀጥለው ዓመት ራሱ ይመጣል፤ ታናናሾቹንም ይዞ ይመጣል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ወገን፣ ወደዚያ በሁሉም መዝገብ ላይ ወዳለው ወገናችን እንለፍ። ይህ ሰው ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ ደግ ነው፤ እንቢ ማለት አያውቅም። ግን ደግነቱ ማንን ጠቀመ? ሰባት ክበብ የተመዘገበ ሰው ሰባት ቦታ ይጠበቃል፤ ስድስት ቦታ ይቀራል። በሥነ ጽሑፍ ክበቡ ቢቀር ምን ይሆናል? ግጥሙ ሳይነበብ ያልፋል፤ እናዝናለን፤ እንጽናናለን። በሮቦቱ ቢቀርስ? እዚህ ላይ ነገሩ ይለያል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስምንት ልጆች በር ላይ ቆመዋል። አንዳንዶቹ ሁለት ታክሲ ቀይረው ነው የመጡት። የዕቃው ሳጥን ተቆልፏል፤ ቁልፉ መካሪው ኪስ ውስጥ ነው፤ መካሪው ደግሞ ሚድ ደርሶበት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ልጆቹ እስከ 4 ሰዓት ይጠብቃሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አምስት ይመጣሉ። ከዚያ ሁለት። ቤት ውስጥ ሥራ የሚጠብቃት ልጅ፣ ለመምጣት አባቷን ሳምንቱን ሙሉ የለመነችው ልጅ፣ መጀመሪያ የምትቀረው እሷ ናት። "ሄደሽ ምን ሠራሽ?" ስትባል መልስ የላትም።

ስለዚህ መካሪነት እንደ ሌላው ክበብ አባልነት አይደለም። ለልጅ የተሰጠ ቃል ነው። ጎልማሳ ጎልማሳን ቢያስጠብቅ ይቅርታ ይባባላሉ። ልጅን አስጠብቆ መቅረት ግን "ይህ ነገር ለአንተ አይደለም" ብሎ እንደ መንገር ነው። በዚህ ላይ ሰርተፊኬት ለመሰብሰብ፣ ለሥራ ማመልከቻ አንድ መስመር ለመጨመር ብሎ የሚመዘገብ ካለ፣ ያለ ሐሜት ፊት ለፊት እንነግረዋለን፦ ወንድማችን፣ እኅታችን፣ ይህን አንድ መስመር ከሌላ ቦታ ፈልጉ።

እንግዲህ ምን ይሁን? ሁዳዱን ካልፈለግን ሌላ የራሳችን ቃል አለን፦ ደቦ። ደቦ እንዴት እንደሚሠራ የገበሬ ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቃል፤ ከተሜው ደግሞ ይጠይቅ። የደቦው ቀን አስቀድሞ ይታወቃል። ባለ ማሳው ራሱ አብሮ ይሠራል፤ ጥላ ሥር ተቀምጦ አያይም። ሥራው ይጀመራል፤ ያልቃል፤ ይበላል፤ ይጠጣል። ደግሞ ይዘፈናል! ዘፈኑ ከሥራው የተለየ የትርፍ ጊዜ ጉዳይ አይደለም፤ ማጭዱን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ወንፈልም ቢሆን ብድር ነው፤ ዛሬ የአንተ ማሳ፣ ነገ የእኔ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የተባለው በከንቱ አይደለም። ከዚህ ተነሥተን የሚከተሉትን እናቀርባለን።

አንደኛ፦ አንድ የሮቦት ቡድን ከሁለት ያላነሱ መካሪዎች ይኑሩት፤ ሦስት ቢሆኑ ይመረጣል። ቅዳሜ በተራ ይሁን። በየተራው የተሠራው በአንድ ደብተር ይጻፍ፤ የሚጽፉትም ልጆቹ ይሁኑ። ተረኛው ቢታመም ልጆቹ በር ላይ አይቀሩም። አንድ ሰው የማይተካበት ቡድን የተደራጀ ቡድን አይደለም፤ የአንድ ሰው ንብረት ነው።

ሁለተኛ፦ ካቻቢቴው ከልጁ እጅ አይውጣ። መካሪው ይጠይቅ፤ ያሳይ፤ ለደኅንነት ይጠንቀቅ፤ በተለይ የብየዳና የባትሪ ነገር ሲሆን። ሮቦቱ የደረሰበት ይድረስ። የሣጥኑም ቁልፍ በትምህርት ቤቱ ወይም በማዕከሉ ይቀመጥ እንጂ በማናችንም ኪስ አይገኝ። ባለ ማሳው አብሮ የማይሠራበት ደቦ ሁዳድ ነው።

ሦስተኛ፦ ለአንድ ሰው ሁለት ተግባር ይበቃዋል። አንዱ የሚሰጥበት፣ አንዱ የሚቀበልበት። ሮቦት ለሚያስተምር ሰው ግጥሙ፣ ቴአትሩ፣ ኳሱ ወይም መዝሙሩ የሚቀበልበት ነው። ይህን ቅንጦት የሚል ሰው አስተምሮ አያውቅም። ሰጥቶ ሰጥቶ ያለቀ መካሪ "አልገባኝም" ያለውን ልጅ ይቆጣል፤ ከተቆጣ ደግሞ ልጁ ሁለተኛ አይጠይቅም። ሦስተኛ ተግባር የሚጨምር ሰው አስቀድሞ ከሁለቱ አንዱን ለተተኪ ያስረክብ። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው።

አራተኛ፦ ፍሬሽ የሆነ ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር መካሪ አይሁን። ይምጣ፤ ይይ፤ ዕቃ ያቀብል፤ ግን ቃል አይግባ። ግቢውን ሳያውቅ፣ የራሱን ሚድ ሳይቀምስ ለልጅ ቃል የሚገባ ሰው ያላየውን ገንዘብ ያበድራል። የሁላችንም የፈተና ሳምንታት ሴሚስተሩ ሲጀምር ተጽፈው ለልጆቹ ይነገሩ። በዚያ ቅዳሜ እንደማንመጣ አስቀድሞ የሚያውቅ ልጅ አይከፋውም።

አምስተኛ፦ ክበቦች ወንፈል ይግቡ። የሮቦት ቡድኑ ልጆች ሥራቸውን በመድረክ ቆመው ማስረዳት አለባቸው፤ ይህን ከክርክር ክበቡና ከቴአትሩ ሰዎች የተሻለ ማን ያስተምራቸዋል? ደብተራቸውን በሚነበብ አማርኛ ወይም እንግሊዝኛ እንዲጽፉ የሥነ ጽሑፍ ሰው አንድ ቅዳሜ ቢያውላቸው ምን ይጎዳዋል? በምላሹ የቴአትሩን መብራትና ድምፅ ማጉያ የሚያስተካክል እጅ ከሮቦቱ ሰዎች ይምጣ። የውድድር ወርና የኪነ ጥበብ ምሽት በአንድ ሳምንት እንዳይውሉ የክበቦቹ ሰብሳቢዎች በመስከረም ተቀምጠው ይነጋገሩ። ይህ አንድ ከሰዓት የማይሞላ ስብሰባ ነው፤ የስንት ሌሊት እንቅልፍ ያድናል!

ስድስተኛው ለዩኒቨርስቲዎቻችን አስተዳደር ነው። በየዓመቱ መጨረሻ ሰርተፊኬት ታድላላችሁ፤ እናመሰግናለን። ይሁንና ሰርተፊኬት ታክሲ አያሳፍርም። ለቅዳሜው መንገድ አንድ ሰርቪስ መኪና፣ ለዕቃው አንድ የሚዘጋ ክፍል፣ ለመካሪው ደግሞ በማኅበረሰብ አገልግሎት የሚቆጠር ሰዓት ይሰጠን። "ማኅበረሰብ አገልግሎት" ከዩኒቨርስቲ ሦስት ተግባሮች አንዱ ነው እየተባለ በየአዳራሹ ይነገራል። ታዲያ ይህ አገልግሎት ካልሆነ የትኛው ነው?

አንዳንዱ "ይህን ሁሉ ሕግ ካወጣችሁ ፍላጎት ይሞታል፤ በጎ ፈቃድ በልክ አይሰፈርም" ይለን ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ልክ የሌለው ፈቃድ ሦስት ወር ይነድና ይጠፋል። እኛ የምንፈልገው ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ሆኖ ያየውን ፊት ዐሥረኛም ሆኖ እንዲያየው ነው። መስመር ተከታዩን ሮቦት እንኳ ተመልከቱት፤ ትንሽ ሲሸሽ በኃይል የሚመልሱት ከሆነ ግራና ቀኝ እየተላጋ ከመንገዱ ይወጣል። በልክ የሚመልሱት ግን መስመሩን ይዞ ይዘልቃል። ዛሬ ሁሉን ለሮቦት፣ ነገ ሁሉን ለግጥም የሚል ሰው በካርቶን ላይ ከሚላጋው መጫወቻ አይሻልም።

ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆቻችን ደግሞ አንድ ቃል አለን፤ ይህ መጽሔት ቤታቸው ነውና። ስለ ድኻው ልጅ ብዙ ጽፈናል። በየምሽቱ እናነባለን፤ ይጨበጨባል። ያ ልጅ ግን ግጥሙ ውስጥ ብቻ አይኖርም። ቅዳሜ ጠዋት በ3 ሰዓት ከግቢያችን ውጭ በሁለት እግሩ ቆሞ ይጠብቃል። ስሙን ብንጠይቀው ይነግረናል። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ለእሱ ሰጥቶ ከሰዓት በኋላ የሚጽፍ ሰው፣ ሲጽፍ የሚያውቀውን ይጽፋል።

ለመሐንዲሶቻችንም እንዲሁ። ልጁ ሞተር ማዞር ብቻ አይበቃውም፤ ሞተሩ ለምን እንደሚዞር፣ ለማን እንደሚዞር መጠየቅ አለበት። ቻፔክ ከመቶ ዓመት በፊት በመድረክ ላይ የጠየቀው ይህንኑ ነበር። ይህን ጥያቄ የሚያስተምር የአጠቃቀም መመሪያ ከዕቃው ጋር ታሽጎ አይመጣም።

የተራ ዝርዝሩ በክበቦች ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ባዶ መስመሮች አሉበት። የሚፈርም በእርሳስ አይፈርም፤ መምጣት የማይችልበትንም ቅዳሜ ከስሙ ጎን አሁኑኑ ይጻፍ። የማይመጣ አይፈርም፤ ይህም ልጆቹን ማክበር ነው።